የጸደቀውን ችግኝ የሚቆጥሩ ልጆች፤ ስለ ወጣቶች የአካባቢ ዘገባ ውድድር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለትምህርት ሚኒስቴር፣
ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን፣
ለክልልና ለከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮዎች፣
ለመገናኛ ብዙኃን ተቋማት አዘጋጆች

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ እኔ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት አማርኛ የማስተምርና የሚኒ ሚዲያ ክበብን ለብዙ ዓመታት ያስተባበርሁ መምህር ነኝ። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፤ ተማሪዎችና ወጣቶች ስለሚኖሩበት አካባቢ በጽሑፍ፣ በፎቶግራፍና በቪዲዮ ዘገባ ሠርተው የሚወዳደሩበት ዓመታዊ ውድድር በሀገር አቀፍ ደረጃ እንድትከፍቱ ነው። በየትምህርት ቤቱ የሚካሄደው የግጥምና የጥያቄና መልስ ዝግጅት መልካም ነው፤ ይቀጥልም። እኔ የምለው ግን ተማሪው ወንዙ ድረስ ወርዶ፣ አይቶ፣ ጠይቆ፣ ቆጥሮ፣ ከአንዱ የሰማውን ከሌላው አጣርቶ ያመጣው ሥራ የሚመዘንበትን ውድድር ነው።

ሐሳቡ እንዴት እንዳደረብኝ ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከትምህርት ቤታችን በስተጀርባ ባለው ተዳፋት ላይ በክረምት ችግኝ ተተክሎ ነበር። ትምህርት ሲከፈት በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ የተከላውን ዜና በድምፅ ማጉያ ያነበብነው እኛው የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባላት ነን፤ የተተከለው ብዛት ተነገረ፣ ተጨበጨበም። የካቲት ሲገባ አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከክበቡ ልጆች ሁሉ ዝምተኛዋ፣ ሁለት ጓደኞቿን አስከትላ ደብተር ይዛ ወደ ተዳፋቱ ወጣችና የጸደቁትን ችግኞች አንድ በአንድ ቆጥራ ተመለሰች። ከተተከለው ግማሹ እንኳ አልጸደቀም ነበር። ልጅቷ ግን በቁጥሩ አላበቃችም። የደረቁትን እየነቀለች ስታይ ብዙዎቹ ከነላስቲካቸው የተተከሉ ሆነው አገኘቻቸው፤ ሥራቸው ከጥቁሩ ላስቲክ ሳይወጣ እዚያው ተጠቅልሎ ደርቋል። በታችኛው በኩል የነበሩትን ፍየል በልቷቸዋል፤ ይህንንም የጻፈችው እረኛውን ራሱን ጠይቃ ነው፤ እርሱም አጥር እንዳልነበረ፣ ቦታው የተከለለ መሆኑንም ማንም እንዳልነገረው አስረድቷታል። የግቢውን ጥበቃ ደግሞ ጠይቃ ዝናቡ ካቆመ ወዲህ ውኃ ያጠጣ ሰው እንዳልነበረ አረጋግጣለች። ይህን ሁሉ በሁለት ገጽ ተኩል አስፍራ መጨረሻው ላይ፣ ለሚመጣው ክረምት ላስቲኩን የሚቀድ፣ አጥር የሚያጥርና በተራ ውኃ የሚያጠጣ ክፍል በስም እንዲመደብ ሐሳብ አቅርባለች።

ያ ጽሑፍ አልተነበበም። አንድ ኃላፊ አይተውት «የሰውን ልፋት ማጣጣል ይሆናል» አሉኝ። እኔም ልጅቷን ጠርቼ «ቁጥሩን ተይውና ስለ ዛፍ ጥቅም አንድ ግጥም ጻፊ» አልኋት። ጻፈች፤ ግጥሙም ተነበበ፤ ተጨበጨበላትም። ከዚያ በኋላ ግን ደብተር ይዛ ወደ ተዳፋቱ ስትወጣ አይቻት አላውቅም። ኃላፊው የፈለጉትን ቢሉም ወረቀቱን ለልጅቷ የመለስሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ከጥያቄነቱ በተጨማሪ ለእርሷ የምከፍለው ዕዳ ነው።

ያች ተማሪ የሠራችው ሥራ ለማን ይጠቅም እንደነበር እናስብ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀንበር ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ከተነገረ ወዲህ በየክረምቱ የሚተከለው ብዛት በየመገናኛ ብዙኃኑ ይገለጻል። ቋንቋችን ደግሞ ችግኝ ተተከለ ማለትንና ችግኝ ጸደቀ ማለትን ለይቶ ያስቀመጠ ቋንቋ ነው፤ ገበሬው የሚጠይቀውም ሁልጊዜ ሁለተኛውን ነው። ተከላው የሚካሄደው ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በሐምሌና በነሐሴ ሲሆን፣ ችግኙ የሚፈተንበት ከጥር እስከ መጋቢት ያለው ደረቅ ወቅት ግን ተማሪው ሁሉ በትምህርት ገበታው ላይ በሚገኝበት ጊዜ ይውላል። ስለዚህ በሀገሪቱ ዳር እስከ ዳር፣ ባለሙያ ሊደርስበት በማይችለው ተዳፋት ሁሉ፣ የጸደቀውን ለመቁጠር የሚበቃ ሰው አለን ማለት ነው። የሚያስፈልገው ቆጥረሽ ነይ፣ ጠይቀህ ና የሚላቸው፣ ያመጡትንም በክብር የሚቀበላቸው መድረክ ነው።

እንዲህ ያለው ውድድር በሌላው ዓለም አዲስ አይደለም። ዋና ጽሕፈት ቤቱን በዴንማርክ ኮፐንሃገን ያደረገው ፋውንዴሽን ፎር ኢንቫይሮመንታል ኤጁኬሽን የተባለው ድርጅት «ያንግ ሪፖርተርስ ፎር ዘ ኢንቫይሮመንት» በሚል ስም፣ በእኛ ቋንቋ «ወጣት የአካባቢ ዘጋቢዎች» ልንለው የምንችል መርሐ ግብር ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲያካሂድ ቆይቷል። ተወዳዳሪዎቹ ከ11 ዓመት ጀምሮ በዕድሜ ተከፋፍለው ጽሑፍ፣ ፎቶግራፍ ወይም ቪዲዮ ያቀርባሉ። የጽሑፉ ርዝመት ከ1000 ቃላት፣ ቪዲዮው ከ3 ደቂቃ እንዳይበልጥ ተወስኗል። እኔን የማረከኝ ግን ሥራው የሚሄድበት ቅደም ተከተል ነው፤ ልጁ በመጀመሪያ በአካባቢው ያለውን ችግር ይመረምራል፣ ቀጥሎ መፍትሔ ያፈላልጋል፣ ከዚያ ይዘግባል፣ በመጨረሻም ዘገባውን ለሚመለከተው ሕዝብ ያደርሳል። የእኛ ልማድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሦስተኛው ይጀምርና እዚያው ያበቃል፤ ልጁ ሳይመረምር እንዲጽፍ ይታዘዛል፣ የጻፈውም ከግቢው አጥር አይወጣም። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ያሉት ለዚህ ጉዳይ የተነገረ ይመስለኛል።

የሚዘገበው ነገር ደጃችን ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ያሉ ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ ከአንድ ወንዝ ብዙም አይርቁም፤ ቀበናው፣ ቀጨኔው፣ ቡልቡላው ሁሉ የከተማዋን ፍሳሽ ተሸክመው ወደ አቃቂ ወንዞች፣ ከዚያም ወደ አባ ሳሙኤል ግድብና ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። በወንዙ ዳር ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይመረታል፤ ያም አትክልት ወደ ገበያ ወጥቶ በምሳ ዕቃችን ተመልሶ ይመጣል። አንድ የ8ኛ ክፍል ተማሪ የእናቱን ጎመን ከጉልት ተነሥቶ እስከ ማሳው፣ ከማሳው እስከ ወንዙ፣ ከወንዙ እስከ ፍሳሹ ቱቦ ወደ ኋላ ቢከተለው የሚያገኘው ታሪክ ብዙ የመማሪያ መጽሐፍ ምዕራፎች የማያስተምሩትን ያስተምረዋል። ጣና ዙሪያ ያለ ልጅ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ሐይቁን የወረረውን እምቦጭ አባቱ በእጁ ሲነቅል አይቷል፤ የተነቀለው አረም የት እንደሚከመር፣ ዝናብ ሲመጣ ተመልሶ ሐይቁ ውስጥ ይገባ እንደሆነ ለማየት ከእርሱ የቀረበ ሰው የለም። ሐረር ለብዙ ዓመታት ውኃዋን ስትቀዳበት የነበረው የሐሮማያ ሐይቅ ደርቆ የከረመበትን ዘመንና በቅርብ ዓመታት ውኃ መልሶ የያዘበትን ሁኔታ የአካባቢው ወጣቶች ከአያቶቻቸው ቃል እየለቀሙ ሊያስቀሩልን ይችላሉ፤ ይህ እንዲያውም ዘገባ ሁልጊዜ የጥፋት ወሬ መሆን እንደሌለበት የሚያሳይ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ባጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታል ተከልክሏል፤ እንግዲህ የጉልት ነጋዴዋ ቲማቲሙን በምን ትጠቅልል፣ ዘንቢል ይዞ ወደ ገበያ መሄድ ተመልሷል ወይ፣ ቆራሌው የሃይላንድ ጠርሙሱን በስንት ይገዛል፣ የትስ ያደርሰዋል? እነዚህን ጥያቄዎች ለመመለስ ትልቅ በጀት አያስፈልግም።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። በዚያ ሠፈር ተወልደው ያደጉ ልጆች ያን ክምር በየዕለቱ ያዩት ነበር፤ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱም ሲመለሱም አጠገቡ ያልፋሉ። የልጆች ዘገባ ያን አደጋ ያስቀረው ነበር ብዬ አልከራከርም። ሆኖም ከማንም በላይ ቀርበው የሚያዩት ልጆች ያዩትን ጽፈውም ሆነ ፎቶ አንሥተው ለሚመለከተው የሚያደርሱበት የታወቀ መንገድ እንዳልነበራቸው ሳስብ፣ ይህን ጥያቄ ማዘግየት ተገቢ ሆኖ አይታየኝም።

ሕጉ ከእኛ ጋር ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው፣ በአንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮግራሞች ላይ ሕዝብ ሐሳቡን እንዲሰጥ መደረግ እንዳለበት ይደነግጋል። ሀገራችን የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንም በአንቀጽ 13 ልጅ ሐሳቡን በቃል፣ በጽሑፍ፣ በሥነ ጥበብ ወይም ራሱ በመረጠው በሌላ መንገድ የመግለጽ፣ መረጃም የመሻትና የማግኘት መብት እንዳለው ያስቀምጣል። እንግዲህ ጽሑፍ፣ ፎቶግራፍና ቪዲዮ የምንለው ለልጆቹ በችሮታ የምንሰጠው ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ መብት በወረቀት ላይ መኖሩና የወረዳ ቢሮ በር ላይ የቆመ የ13 ዓመት ልጅ መልስ ማግኘቱ ይለያያሉ። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ የምለምናችሁ ይህን ነው፤ ውድድሩ ሲታወጅ ለወረዳ፣ ለቀበሌ፣ ለውኃና ፍሳሽ፣ ለጽዳት አስተዳደርና ለግብርና ጽሕፈት ቤቶች ሁሉ፣ የትምህርት ቤት ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዞ የመጣ ተማሪ ሲጠይቃቸው እንዲመልሱለት የሚያዝዝ ሰርኩላር ይላክላቸው። አዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ ለጠየቀ ሰው በ30 ቀን ውስጥ ምላሽ እንዲሰጥ ያዝዛል፤ ለተማሪ ግን 30 ቀን ረጅም ጊዜ ነው፤ ስለዚህ በ10 የሥራ ቀን እንዲመለስለት ቢደረግ፣ መልሱ «አናውቅም» ቢሆን እንኳ ተጽፎ ቢሰጠው፣ ልጁ ዘገባውን ሊጨርስ ይችላል። ጠይቆ መልስ ያላገኘ ዘጋቢም መጠየቁንና መልስ አለማግኘቱን በዘገባው ውስጥ እንዲጽፍ ይፈቀድለት፤ ይህ የዘጋቢነት ሥራ እንጂ ድፍረት ወይም ብልግና እንዳይደለ ኃላፊዎቻችን ከወዲሁ ቢያውቁት እንደ እኔ ያለ መምህር ወረቀት ከመመለስ ይድናል።

ስለ ፎቶግራፍ ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም ከሦስቱ በቀላሉ የሚበላሸው እርሱ ነው። ብዙ ጊዜ የአካባቢ ፎቶ ውድድር ሲባል አንድም የፀሐይ መጥለቂያ፣ አንድም አፍንጫውን ይዞ ቆሻሻ ላይ የቆመ ሕፃን ይመጣል። የመጀመሪያው ምንም አይነግረንም፤ ሁለተኛው ተዘጋጅቶ የተነሣ ነው። ለውድድሩ የሚቀርብ ፎቶ ዕቃ ያልተዘዋወረበት፣ ሰው «እንዲህ ቁም፣ እንዲህ እዘን» ያልተባለበት፣ ቀለሙ ያልተቀየረ እንዲሆን ደንቡ በግልጽ ይናገር። ከሥሩ የሚጻፈው መግለጫም የት፣ መቼ፣ ማን፣ ምን ሲደረግ እንደተነሣ የሚናገር ይሁን። ቆሻሻ እየለቀሙ የሚኖሩ ሰዎችን ፊት ሳያስፈቅዱ ማንሣት ነውር መሆኑን ልጆቻችን ከመጀመሪያው ቀን ይወቁ፤ ያ ሰው የአንድ ልጅ እናት ነው፤ ምናልባትም ከጎናቸው የሚቀመጥ ልጅ። ፎቶው ከመላኩ በፊት ለተነሣው ሰው ይታይና ይሁን ካለ ብቻ ይቅረብ። ይህን የተማረ ልጅ ለሽልማቱ ባይበቃ እንኳ አንድ ትልቅ ነገር ተምሯል።

በቪዲዮ በኩል የምፈራው የገንዘብ ልዩነትን ነው። ድሮን ያለው የግል ትምህርት ቤትና አንድ ስልክ ለመላ ክበቡ ያለው የገጠር ትምህርት ቤት በምስል ጥራት ከተወዳደሩ ውጤቱ ከወዲሁ ታውቋል። ስለዚህ በተራ ስልክ ብቻ እንዲቀረጽ ተወስኖ፣ ዳኞች ነጥብ የሚሰጡት ለማስረጃው፣ ለድምፁ ግልጽነትና ለታሪኩ አካሄድ ይሁን። በብዙ ትምህርት ቤቶች ስልክ ይዞ መግባት የተከለከለ ስለሆነም ስልኩ በክበቡ ስም ተመዝግቦ በአስተባባሪው መምህር እጅ ይቀመጥ። ነፋስ ድምፅ እንዳያበላሽ ስልኩን በነጠላ ጫፍ ከልሎ መቅዳት እንደሚቻል ያስተማሩኝ ተማሪዎቼ ናቸውና በመሣሪያ እጥረት ብዙም አልሰጋም። ኢንተርኔት የማይደርስባቸው ትምህርት ቤቶች ሥራቸውን በፍላሽ ለወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት እንዲያስረክቡ መፍቀድም ግድ ነው።

ቋንቋም እንዲሁ። እረኛው በኦሮምኛ፣ በሲዳምኛ፣ በአፋርኛ፣ በሶማልኛ ወይም በትግርኛ የተናገረውን ልጁ በዚያው ቋንቋ ጽፎ እንዲወዳደር ይፈቀድለት። አማርኛ የማስተምር ሰው ብሆንም የምናገረው ይህን ነው፤ የአካባቢውን ተክል፣ ነፋስ፣ የአፈር ዓይነት ስም የሚያውቅ ልጅ በሌላ ቋንቋ ሲጽፍ ግማሽ ዕውቀቱን ደጅ ትቶት ይገባል። ዳኞች ከየቋንቋው ይመረጡ፤ በየዳኞች ቡድን ውስጥም አንድ ጋዜጠኛ፣ አንድ የአካባቢ ሳይንስ ባለሙያና አንድ የቋንቋ መምህር ይኑሩ። ሚዛኑን በተመለከተ የማምንበትን በግልጽ ላስቀምጥ፤ ያማረ አጻጻፍ ኖሮት አንድም ሰው ያልጠየቀ ጽሑፍ፣ ቃላቱ ተሰባብረው ሦስት ሰዎችን ጠይቆ ያጣራ ጽሑፍን መብለጥ የለበትም።

ደኅንነታቸው የእኛ ኃላፊነት ነው። ከፋብሪካ የሚወጣ ፍሳሽ አጠገብ፣ የቆሻሻ ክምር ላይ፣ የክረምት ወንዝ ዳር ልጅ ብቻውን አይሄድም፤ መምህር ወይም ወላጅ አብሮት ይሂድ፤ የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይያዝ። ዘገባው የአንድን ባለ ጉዳይ ጥፋት የሚያሳይ ከሆነ የልጁ ስም ቀርቶ በክበቡ ስም እንዲወጣ አዘጋጆቹ የመወሰን ሥልጣን ይኑራቸው፤ በዘገባው የተነሣ ልጅም ሆነ አስተባባሪ መምህር እንዳይጠየቅ የምታወጡት መመሪያ በማያሻማ ቃል ይጻፍ። ይህ አንድ አንቀጽ ከጎደለ የቀረው ሁሉ በወረቀት ይቀራል፤ መምህራን እንፈራለን፣ ፍርሃታችንም ወደ ልጆቹ ይተላለፋል።

አዲስ መዋቅር ማቋቋም አያስፈልግም። በየትምህርት ቤቱ ሁለት ክበቦች አሉን፤ አንዱ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ነው፣ ዶማና ውኃ ማጠጫ ይዟል፤ ሌላው ሚኒ ሚዲያ ነው፣ ማይክራፎን ይዟል። ሁለቱ በአንድ ግቢ እየኖሩ እምብዛም አይገናኙም። ውድድሩ ሁለቱ ክበቦች በጋራ እንዲገቡ ቢያስገድድ፣ የሚተክሉት ለሚናገሩት ዕውቀት፣ የሚናገሩት ለሚተክሉት ድምፅ ይሰጣሉ። ሽልማቱም ለግለሰብ ከሚሰጥ ዋንጫ ይልቅ ለክበቡ የሚውል የድምፅ መቅረጫ፣ ካሜራ ወይም መጻሕፍት ቢሆን ከአንድ ዓመት በላይ ይዘልቃል።

ለመገናኛ ብዙኃን አዘጋጆች ያለኝ ልመና አጭር ነው። የልጆቹን ሥራ በሽልማቱ ቀን ብቻ አታሳዩን። በሳምንት 10 ደቂቃ በኤፍ ኤም ወይም በክልል ሬዲዮ ስጡአቸው፤ ከልጁ ጋር አንድ አርታዒ ተቀምጦ «ይህን ማን ነገረህ? ሌላስ ሰው ጠየቅህ?» እያለ ጽሑፉን እንዲያቃና አድርጉ። ዘገባው ከአየር በፊት በተሠራበት ቀበሌ ሕዝብ በተሰበሰበበት ቢነበብ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኛል፤ ችግሩም መፍትሔውም እዚያ ነውና፤ የተሳሳተ ነገር ካለም ነዋሪው ወዲያው ያርመዋል።

የጊዜ ሰሌዳውን እንዲህ ባደርገው ይሆናል ብዬ አስባለሁ። ጥቅምት ላይ መመሪያውና ሰርኩላሩ ይውጣ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ አስተባባሪ መምህራን አጭር ሥልጠና ይውሰዱ፤ ከጥር እስከ መጋቢት፣ ደረቁ ወቅት ሁሉን ነገር በሚያጋልጥበት ጊዜ፣ ተማሪዎች ወደ መስክ ይውጡ፤ ሚያዝያ ላይ ሥራቸውን ያስረክቡ፤ ውጤቱም የዓለም የአካባቢ ቀን በሚከበርበት በግንቦት 28 ይገለጽ። ያኔ የሐምሌ ተከላ ሊጀመር ወር ያህል ብቻ ይቀረዋል፤ ልጆቹ ስላለፈው ዓመት ችግኝ ያገኙትን የሚመለከተው ሁሉ ሳይረሳው ሊጠቀምበት ይችላል።

በአንድ ጊዜ በመላ ሀገሪቱ መጀመር ከከበደ በጥቂት ወረዳዎች ሙከራ ይደረግ። የእኔ ክበብ የመጀመሪያው ሊሆን ፈቃደኛ ነው፤ ልጆቹን ጠይቄ ተስማምተዋል። ዘንድሮም፣ ውድድር ኖረም አልኖረም፣ የካቲት ላይ ወደዚያው ተዳፋት እንወጣለን፤ የሚጻፈውንም በድምፅ ማጉያው እናነብበዋለን፤ አንድ ቅጂ ለእናንተ እልካለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የሚኒ ሚዲያ ክበብ አስተባባሪ መምህር
አዲስ አበባ